ለንደን ያልደረሰችው ሙሽራ፦ የ1623ቱ የማድሪድ ጋብቻ ባይፈርስ ኖሮ

በየካቲት 1623 ሁለት ወጣቶች ግሬቭሰንድ ከምትባል ከተማ አጠገብ የቴምዝን ወንዝ በጀልባ ተሻገሩ። ሁለቱም ጺማም ናቸው። ጺሙ ግን የራሳቸው አይደለም፣ የተለጠፈ ነው። አንዱ ቶማስ ስሚዝ፣ ሌላው ጆን ስሚዝ ነኝ ይላል። ሂሳብ ሊከፍሉ ሲሉ ዝርዝር አጡና ለጀልበኛው የወርቅ ሳንቲም ሰጡት። ጀልበኛው ደነገጠ። ለዚህች መሻገሪያ ወርቅ የሚሰጥ ሰው ጤና የለውም፤ እነዚህ ባሕር ማዶ ሄደው በሰይፍ ሊጋደሉ ነው ብሎ ለባለሥልጣን ጠቆመ። ካንተርበሪ ሲደርሱ የከተማዋ ከንቲባ አስቆማቸው። ከሁለቱ አንዱ ጺሙን ከማውለቅ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ያወለቀው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የበላይ የነበረው ጆርጅ ቪሊየርስ፣ የበኪንግሃም ማርኪስ ነው። መርከቦቹን በድብቅ ልፈትሽ እየሄድኩ ነው ብሎ ከንቲባውን ሸወደው። አብሮት ያለው ደግሞ የ22 ዓመቱ አልጋ ወራሽ ቻርልስ ነበር። የሚሄዱት ማድሪድ ነው። ሚስት ፍለጋ።

እኛ አገር ለሴት ልጅ ሽማግሌ ይላካል። አውሮፓም ውስጥ ለነገሥታት ጋብቻ የሚላከው አምባሳደር ነበር። እርግጥ የቻርልስ አባት ንጉሥ ጄምስም በ1589 ሚስቱን የዴንማርኳን አናን ለማምጣት ባሕር ተሻግሮ ኖርዌይ ድረስ ሄዶ ነበር። እሱ ሲሄድ ግን ጋብቻው በውክልና አልቆ ነበር። ልጁ የሄደው ገና ውሉ ሳይፈረም፣ የጳጳሱ ፈቃድም ሳይመጣ ነው። ዋጋ ተከራክረህ ሳትጨርስ ዕቃውን አቅፈህ እንደመቆም ነው። ሻጩ ዋጋ ይጨምርብሃል።

ጋብቻው አልሆነም። ቻርልስ ከሁለት ዓመት በኋላ የፈረንሳዩዋን ሄንሪየታ ማሪያን አገባ። ከዚያ ጦርነት፣ የፓርላማ ጠብ፣ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በመጨረሻም ጥር 30 ቀን 1649 አንገቱ በመጥረቢያ ተቆረጠ። ስለዚህ «ያኔ ስፔናዊቷን ቢያገባስ ኖሮ?» የሚል ሁሉ የሚጠይቀው አንገቱ ይተርፍ እንደነበር ነው። እኔ ጥያቄው ከተማ የተሳሳተ ይመስለኛል። ያ ጋብቻ ቢሳካ ለንደን ትንሽ ትለወጥ ይሆናል። ቪየናና ማድሪድ ግን ከሥር ይገለበጡ ነበር።

ስለ ቀኖቹ አንድ ነገር ልበል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ፈረንጆቹ ራሳቸውም ያኔ አልተስማሙም፤ እንግሊዝ ከስፔን 10 ቀን ወደ ኋላ ትቆጥር ነበር። በሁለት ቀን መቁጠሪያ መኖር ለእኛ አዲስ ስላልሆነ አልዘረዝረውም። ለቻርልስ ጉዞ የእንግሊዞቹን ይዣለሁ።

ሒሳቡ

ጄምስ ጦርነት አይወድም ነበር። በ1603 የእንግሊዝን ዙፋን ሲወርስ በዓመቱ ከስፔን ጋር ሰላም ፈጠረ። ቀጥሎ አንድ ብልሃት አሰበ። ሴት ልጁን ለፕሮቴስታንት ይድራል፣ ወንድ ልጁን ከካቶሊክ ያጋባል፣ በሁለቱ መካከል ሽማግሌ ሆኖ ይቀመጣል። ልጁ ኤልሳቤጥ በ1613 ጀርመን ውስጥ የራይን ፓላቲኔት የሚባለው አገር ገዢ የነበረውን ፍሬድሪክን አገባች። ታላቁ ልጁ ሄንሪ በ1612 በ18 ዓመቱ ስለሞተ የካቶሊኳ ሙሽራ ጉዳይ ወደ ታናሹ ወደ ቻርልስ ዞረ። ለንደን የነበረው የስፔን አምባሳደር ጎንዶማር ይህን ተስፋ እያሞቀና እያቀዘቀዘ ጄምስን ለዓመታት ያዘው። ተንኮለኛ ሰው ነበር፣ ግን ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ጄምስ ከልቡ ይወደው ነበር።

ከዚያ 1618 መጣ። ፕራግ ላይ የቦሄሚያ መኳንንት የቪየናውን ካቶሊክ ንጉሠ ነገሥት ሹማምንት በመስኮት ወረወሩ። በዓመቱ የጄምስን አማች ፍሬድሪክን ንጉሣችን ሁን አሉት። እሱም እሺ አለ። አማቱ አትቀበል ማለቱን ረስቶ ይሁን ንቆ፣ ብቻ ተቀበለ። ኅዳር 1620 ከፕራግ አጠገብ በነጭ ተራራ ጦርነት ተደምስሶ ሸሸ። ዘውዱን የጫነው አንድ ክረምት ብቻ ስለሆነ «የክረምት ንጉሥ» ብለው ቀለዱበት። ቀልዱ ግን በዚያ አላበቃም። የስፔን ጦር የፓላቲኔትን ግማሽ ያዘ፣ የባቫሪያ ጦር ሌላውን። ቻርልስ ጺም ለጥፎ በሚጋልብበት በዚያው የካቲት የፍሬድሪክ ማዕረግ ተገፍፎ ለባቫሪያው ማክሲሚሊያን ተሰጠ።

የጄምስ ሒሳብ እንግዲህ ይህ ነው። ልጄ የስፔንን ንጉሥ እህት ያገባል። የስፔን ንጉሥ ዘመዱ ለሆነው ለቪየናው ንጉሠ ነገሥት «ለእንግሊዙ አማቴ ሲባል መሬቱን መልስ» ይለዋል። ልጄ ኤልሳቤጥ ቤቷ ትገባለች። በዚያ ላይ ሙሽራዋ ገንዘብ ይዛ ትመጣለች። እኛ ዘንድ ጥሎሽ የሚሰጠው የወንድ ወገን ነው፤ እዚያ የሚሰጠው የሴቷ ወገን ነበር። የተወራው ወደ 600,000 ፓውንድ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1624 አማጦ የፈቀደው ግብር 300,000 ገደማ እንደሆነ ስታዩ የገንዘቡ ክብደት ይገባችኋል። ንጉሥ ጄምስ ደግሞ ዕዳ በዕዳ ነበር።

በወረቀት ያምራል። ቀዳዳው አንድ ብቻ ነው፤ ስፔን በቪየና ላይ ጦር አታነሳም። ሁለቱንም የሚገዛው ሀብስበርግ የሚባለው አንድ ንጉሣዊ ቤተሰብ ነው። የስፔን ዋና ሹም ኦሊቫሬስ ይህን ለእንግሊዞቹ በግልጽ ነግሯቸዋል። ለንደን ግን መስማት አልፈለገችም።

ማድሪድ

መጋቢት 7 ምሽት «ቶማስ ስሚዝ» ማድሪድ ውስጥ «የሰባቱ ጭስ ማውጫ ቤት» የሚባለውን አንኳኳ። ያ የእንግሊዙ አምባሳደር የጆን ዲግቢ፣ የብሪስቶል አርል፣ መኖሪያ ነው። ብሪስቶል ለዓመታት ክር በክር ሲፈትል የኖረው ድርድር አልጋ ወራሹ በሩ ላይ ሲቆም ምን እንደሚሆን ወዲያው ገብቶታል። ስፔኖቹ የተረዱት በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ልጁ ይህን ሁሉ መንገድ በራሱ እግር የመጣው ካቶሊክ ሊሆን ቆርጦ ነው!

ስለዚህ ደገሱ። ንጉሡ ፊሊፕ 4ኛ የ17 ዓመት ልጅ ነው። ገና በቅርቡ የቅንጦት ልብስ የሚከለክል ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ለእንግዳው ሲባል ሕጉ ታገደ። የበሬ ትግል፣ አደን፣ ሰልፍ ሆነ። ቻርልስ ሥዕል ሲያይ ልቡ ይጠፋ ነበርና የቲሺያን ሥዕሎች ተሰጡት። ወጣቱ ቬላዝኬዝም መልኩን ሣለው፤ ሥዕሉ ጠፍቷል እንጂ ዛሬ ዋጋው አይቆጠርም ነበር። ለአባቱ ዝሆንና ግመሎች ተላኩለት። በየመሃሉ ደግሞ መነኮሳት እየመጡ ስለ ሃይማኖት ያስተምሩታል። እሱ በጨዋነት ያዳምጣል። አይለወጥም።

ሙሽራዋ ማሪያ አና 16 ዓመቷ ነው። የስፔን ነገሥታት ሴት ልጅ «ኢንፋንታ» ትባላለች። ቻርልስ በሩቅ አያት እንጂ ብቻዋን አያገኛትም። አንድ ጠዋት ካሳ ደ ካምፖ በሚባለው የንጉሡ አትክልት ስፍራ እንደምትመጣ ሰማና ግንብ ዘልሎ ገባ። እሷ ጮኻ ሮጠች። አጃቢዋ ሽማግሌ መኰንን ተንበርክኮ፣ ልዑል ሆይ ጭንቅላቴ ይቆረጣል፣ እባክህ ውጣ ብሎ ለመነው። ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ፍቅር ነው ይላሉ። እኔ የልጅቷን ጩኸት ነው የምሰማው። መናፍቅ ከማገባ ገዳም እገባለሁ ትል ነበር፣ የነፍስ አባቷም ይህንኑ ያጠነክሩላት ነበር። በድርድሩ ውስጥ የሷን ፈቃድ በቁም ነገር የጠየቀ እንግሊዛዊ አላገኘሁም።

ከዚያ የጳጳሱ ፈቃድ መጣ፣ ከነቅድመ ሁኔታው። የስፔን ንጉሥ እንግሊዞች ቃላቸውን እንደሚጠብቁ በራሱ ላይ ይማል ተባለ። ፊሊፕ ይህን መሐላ መማል ይችል እንደሆነ የሃይማኖት ሊቃውንት ጉባኤ ተጠራ። ጉባኤው የወሰነው እንዲህ ነው፦ ጋብቻው ይፈጸም፣ ሙሽራዋ ግን እስከ መጪው ፀደይ እዚሁ ትቆይ። እስከዚያ እንግሊዝ የካቶሊኮችን ቅጣት ማንሳቷ በሥራ ይታይ።

እንግሊዝ ውስጥ ያኔ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ያለ ካቶሊክ በሕግ በወር 20 ፓውንድ ይቀጣል። ለተራ ሰው የዓመት ገቢ ነው። ጄምስ ይህ ሁሉ እንዲቆም ሐምሌ ላይ ማለ። ቻርልስ ማድሪድ ላይ ከአባቱ በላይ ሄዶ ሕጎቹ በሦስት ዓመት ውስጥ በፓርላማ እንዲሻሩ አደርጋለሁ ብሎ ቃል ገባ። ፓርላማውን ማን ጠየቀው? ማንም። ያ ፓርላማ በ1621 ስለዚሁ ጋብቻ አስተያየት ስለሰጠ ጄምስ ከመዝገቡ ላይ ገጹን በእጁ ቀዶ የጣለበት ፓርላማ ነው።

የለንደን ሰው ፍርሃት ቂልነት ለሚመስላችሁ አንድ ነገር ላስታውስ። ፊሊፕ 4ኛ ያኔ የፖርቱጋልም ንጉሥ ነበር። የኢየሱሳውያኑ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ወደ አገራችን የመጣው በዚሁ ንጉሥ ዘመን፣ በ1625 ነው። አፄ ሱስንዮስ የሮምን እምነት በይፋ የተቀበሉት ደግሞ በ1622፣ ቻርልስ ማድሪድ ከመድረሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በ1632 ከብዙ ደም በኋላ የቀድሞውን መልሰው ዙፋኑን ለፋሲለደስ እንዴት እንደለቀቁ እናውቀዋለን። ቤተ መንግሥት ውስጥ የተጀመረ የሃይማኖት ነገር ገበሬው ደጃፍ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ለንደኖችም እኛም የተማርነው በአንድ ዘመን ነው።

ለንደን ውስጥ ዝግጅቱ ቀጠለ። ሴንት ጄምስ ቤተ መንግሥት አጠገብ ኢኒጎ ጆንስ ለኢንፋንታዋ የሚሆን የካቶሊክ ጸሎት ቤት መሥራት ጀመረ። ሕንፃው ዛሬም አለ። የተጠናቀቀው ግን ለሌላ ሙሽራ ነው። አባትየው በበኩሉ ልጁ ታግቷል ብሎ መሥጋት ጀመረ። ጋብቻውም ሌላውም ይቅርብኝ፣ ብቻ እናንተን ዳግም ልቀፋችሁ የሚል ደብዳቤ ጻፈላቸው። ጳጳሱም በሐምሌ ሞተ፤ አዲስ ጳጳስ፣ አዲስ ፈቃድ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቻርልስ ተሰናብቶ ወጣ። ሳንታንደር ላይ መርከብ ተሳፍሮ መስከረም ላይ ተነሳ፣ ጥቅምት 5 ፖርትስመዝ ገባ። ያለ ሙሽራ።

ለንደን አበደች። ደወል ተደወለ፣ በየመንገዱ እሳት ነደደ፣ ወይን በነፃ ፈሰሰ። በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል «እስራኤል ከግብፅ በወጣ ጊዜ» የሚለው መዝሙር ተዘመረ። እነሱ ዘንድ 114 ነው፣ በእኛ ዳዊት 113። ለሙሽራዋ አገር የተሰጠውን ስም ልብ በሉ።

ማጠፊያው

ብዙ ሰው ጋብቻው የፈረሰው ቻርልስ ማድሪድን ሲለቅ ይመስለዋል። አይደለም። ከመውጣቱ በፊት ጋብቻውን እፈጽማለሁ ብሎ ምሎ፣ በሱ ስም እንዲፈጸም የውክልና ሰነድ ፈርሞ ለብሪስቶል ትቶለት ነው የሄደው። የአዲሱ ጳጳስ ፈቃድ በደረሰ በ10 ቀን ውስጥ ሥርዓቱ ይፈጸማል ተብሎ ውል ታሰረ። ከዚያ መንገድ ላይ፣ ሴጎቪያ ሲደርስ፣ ቻርልስ ሌላ ደብዳቤ ላከ፦ ኢንፋንታዋ ከቃል ኪዳኑ በኋላ ገዳም እንደማትገባ ዋስትና ሳላገኝ ሰነዱን እንዳትሰጥ። የፈረመበት ቀለም ገና ሳይደርቅ።

ፈቃዱ ኅዳር ላይ ማድሪድ ደረሰ። የሠርጉ ቀን ለወሩ መጨረሻ ተቆረጠ። ልጅቷ እንግሊዝኛ ትማር ነበር፤ የእንግሊዝ ልዕልት እየተባለች ትጠራለች። ጥቂት ቀን ሲቀር ከለንደን ፈረሰኛ መጣ፦ መጀመሪያ የፓላቲኔት ጉዳይ፣ ጋብቻው ይቆይ። ብሪስቶል ሰነዱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ቀረ። ነገሩ ያኔ ሞተ።

እንግዲህ «ቢሆንስ» የምንልበት ቦታ እዚህ ነው። ጳጳስ ማስነሳት፣ የኦሊቫሬስን ልብ መለወጥ አያስፈልግም። ፈረሰኛው ፒሬኔ ተራራ ላይ በረዶ ይያዘው። ወይም ባዮን ከተማ ላይ ትኩሳት ያስተኛው። አንድ ሳምንት ይዘግይ። ብሪስቶል ጋብቻው እንዲፈጸም ከልቡ የሚፈልግ ሰው ነበር፣ ውሉም ያስገድደዋል። ሥርዓቱ ይፈጸማል። ለንደን የምትሰማው አልጋ ወራሿ ባለትዳር መሆኑን ነው።

ቻርልስና በኪንግሃም በንዴት ይጦዛሉ። ያልተፈጸመ ጋብቻ ነውና ይፍረስልን ሊሉ ይችሉ ነበር፤ ግን የሚያፈርሰው የሮም ጳጳስ ነው። የእንግሊዝ ልዑል ጋብቻውን ለማፍረስ ሮም ደጅ ሲጠና? ጋብቻዬን አላፈረሰችልኝም ብሎ ከሮም ከተገነጠለው ከሄንሪ 8ኛ በኋላ? ጄምስ ደግሞ ገና በሕይወት ነበር፣ የሞተው በመጋቢት 1625 ነው። ይህን ጋብቻ ሲመኝ አሥር ዓመት ቆይቷል። በ1624 ፀደይ መርከቦች ተልከው ማሪያ አና ትመጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። የምታለቅስ ሙሽራና የሚያኮርፍ ሙሽራ።

ለንደን ላይ ምን ይለወጣል

ጦርነቶቹ ይቀራሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በእውነቱ ታሪክ ቻርልስና በኪንግሃም ከማድሪድ እንደተመለሱ የስፔን ጠላት ሆኑ። በ1625 የስፔኗን ወደብ ካዲዝን ለመውረር የላኩት ጦር ተዋርዶ ተመለሰ። በ1627 ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር ተጣልተው ሬ በምትባል ደሴት ላይ ሠራዊት አስፈጁ። በአንድ ጊዜ ከሁለቱ የአውሮፓ ኃያላን ጋር! ለዚህ ገንዘብ ሲጠፋ ቻርልስ ከሀብታሞች በግዳጅ ብድር ሰበሰበ፣ እምቢ ያሉትን አሰረ። በዚህ የተነሳ ፓርላማ በ1628 እንዲህ ያለውን ነገር የሚከለክል «የመብት አቤቱታ» አመጣ። በኪንግሃም በዚያው ዓመት ነሐሴ ፖርትስመዝ ላይ በዚያ የደሴት ዘመቻ በተካፈለ ጆን ፌልተን በሚባል መኰንን ተወግቶ ሞተ። ከስፔን ጋር አማች ብትሆን ካዲዝ የለም። ካዲዝ ከሌለ ብድሩ የለም፣ ቢያንስ በዚያ መልኩ። ምናልባት በኪንግሃም አልጋው ላይ ይሞት ነበር።

600,000 ፓውንዱስ? እዚህ ላይ ብዙ አልጠብቅም። ስፔን በ1627 ለአበዳሪዎቿ መክፈል አቅቷት ክፍያ አቁማለች። ግማሹ እንኳ ቢመጣ ተአምር ነው።

ሃይማኖቱ ግን ይከፋል። የፈረንሳዩ ውልም ካቶሊክ ንግሥት አምጥቷል፤ ሄንሪየታ ማሪያ በ1626 የባሏ የንግሥ በዓል ላይ አልቀባም ብላ ቀርታለች። የሷ ግን የፈረንሳይ ካቶሊክነት ነው። የስፔን ካቶሊክነት ለእንግሊዝ ሰው የ1588ቱ የመርከብ ወረራ ነው። በዚያ ላይ ቻርልስ በሦስት ዓመት ሕጉን አሽራለሁ ብሎ ምሏል። ፓርላማ አይሽርም። ስለዚህ ጠቡ በግብር ሳይሆን በሃይማኖት ተጀምሮ ቶሎ ይፈነዳ ነበር። የሚወለዱት ልጆች በእናታቸው እጅ ያድጋሉ። በእውነቱ ታሪክ የቻርልስ ልጅ ካቶሊኩ ጄምስ 2ኛ በ1688 ዙፋኑን ያጣው በዚህ ጉዳይ ነው። ያ ቀውስ በአንድ ትውልድ ይቀድም ይሆናል።

ስለ አንገቱ ለሚጠይቀኝ ግን መልሴ ስኮትላንድ ናት። የቻርልስ ዙፋን መናድ የጀመረው በ1637 ለስኮትላንድ አዲስ የጸሎት መጽሐፍ ሲያስገድድ ነው። ያን ያደረገው ሚስቱ ስላዘዘችው አልነበረም። ማድሪድ ላይ ምሎ ሴጎቪያ ላይ ሐሳቡን የለወጠው ሰው ኤድንብራም ላይ ያው ሰው ነው። ሚስት ብትቀይርለት ጠባዩን አትቀይርለትም።

ቪየናና ማድሪድ

አሁን ወደ ዋናው። ማሪያ አና እንግሊዝ ሳትሄድ ቀርታ ማንን አገባች? የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ፈርዲናንድን፣ በኋላ ፈርዲናንድ 3ኛ የሆነውን። በ1631 ቪየና ገባች። ስድስት ልጆች ወለደች፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ሦስት ናቸው። በ1646 ነፍሰ ጡር እያለች ሊንዝ ላይ ሞተች።

ከሦስቱ አንዷ ማሪያና ናት። ማሪያና ለአጎቷ ለፊሊፕ 4ኛ ልጅ ለባልታሳር ካርሎስ ታጭታ ነበር። ልጁ በ1646 በ16 ዓመቱ ሞተ። አባትየው ወራሽ ወንድ አጣ። ሚስቱም ሞታለች። ምን አደረገ? የልጁን እጮኛ ራሱ አገባ። በ1649 እሱ 44 ዓመቱ፣ የገዛ እህቱ ልጅ 14 ዓመቷ። እኛ አገር ሰባት ቤት ሲቆጠር ይህ ሁለት ቤት እንኳ አይሞላም። አማርኛ ለዚህ ጋብቻ ቃል ያለው አይመስለኝም፤ ካለም ጥሩ ቃል አይሆንም።

ከዚህ ጋብቻ በ1661 ካርሎስ 2ኛ ተወለደ። ከልጅነቱ በሽተኛ ነው። አገጩ ከመርዘሙ የተነሳ ማኘክ ይቸግረው ነበር። ድግምት ተደርጎበታል ብለው «የተደገመበት» የሚል ቅጽል አወጡለት። የስፔን የዘረመል ተመራማሪዎች በ2009 የዘር ሐረጉን ቆጥረው ከዘመዳሞች የመወለዱን መጠን 0.254 አገኙት። እህትና ወንድም ተጋብተው ቢወልዱ የልጃቸው 0.25 ነው። ድግምቱ እንግዲህ ይህ ነበር። ካርሎስ ልጅ ሳይወልድ በ1700 ሞተ። አውሮፓ ርስቱን ለመከፋፈል ከ1701 እስከ 1714 ተጨፋጨፈች።

ማሪያ አና በ1624 ለንደን ብትገባ ማሪያና የለችም። ማሪያና ከሌለች ካርሎስ 2ኛ የለም። ቬላዝኬዝ ዝነኛው ሥዕሉ መሃል ላይ ያቆማት ትንሿ ልዕልት ማርጋሪታም የለችም። ፊሊፕ 4ኛ በ1640ዎቹ መጨረሻ ሚስት ሲፈልግ የግድ ሌላ ቤት ያንኳኳል። የሩቅ ዘመድ ቢያገባ ጤነኛ ወንድ ልጅ ሊወልድ ይችላል። ያኔ የውርሱ ጦርነት በፍጹም ላይነሳ ይችል ነበር። ላይወልድም ይችላል፤ ያኔ ጥያቄው በ1700 ሳይሆን ፊሊፕ በሞተበት በ1665 ይነሳል። ለዚህ መልስ የለኝም።

ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላው ልጅ ነው። የማሪያ አና ልጅ ሊዮፖልድ በ1658 ንጉሠ ነገሥት ሆነ። በውርሱ ጦርነት ኦስትሪያ የስፔን ዘውድ ይገባናል ያለችው በምን መብት ነው? በእናቱ በማሪያ አና። ታላቅ እህቷ አን ለፈረንሳይ ንጉሥ ስትዳር መብቷን በፊርማ ትታ ስለነበር፣ የማሪያ አና ዘር ይቀድማል ተባለ። ማሪያ አና የቻርልስ ሚስት ብትሆን ያ መብት የሚወርደው ወደ ለንደን ነበር። በእርግጥ ስፔኖቹ እሷንም መብቷን መተዉን ያስፈርሟት ነበር ይሆናል። አንንም አስፈርመዋት ነበር፤ ልጇ ሉዊ 14ኛ በኋላ ፊርማዎችን እንዴት እንዳነበባቸው አይተናል። የስፔንን መርከቦች እያየች የምትንቀጠቀጠው እንግሊዝ አንድ ቀን ንጉሧ የማድሪድን ዙፋን ሲጠይቅ አስቡት። የሕንድ ውቅያኖስ ንግድ፣ የፔሩ ብር፣ ሁሉም በአንድ ቤት ጠረጴዛ ላይ። ጎንዶማር ይህን አስቦት ያውቅ ይሆን? አስቦት ከነበረ ድርድሩን ለምን አሥር ዓመት እንዳንከባለለው ገባኝ።

ብሪስቶል ትዕዛዙን አክብሮ ሰነዱን ሳይሰጥ ቀርቷል ብያለሁ። ምን አተረፈ? ወደ አገሩ ሲመለስ ከቤትህ አትውጣ ተባለ። በ1626 ከበኪንግሃም ጋር በፓርላማ ሲካሰሱ ለንደን ግንብ ታሰረ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲመጣ እዚያው ቻርልስ ጎን ቆመ። ንጉሡ ከተሰየፈ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1653፣ በስደት ፓሪስ ላይ ሞተ።

ያ ጋብቻ ግን በእውነቱ ታሪክም ቢሆን በአንድ መንገድ ተፈጽሟል። ቻርልስ ከሄንሪየታ ማሪያ የወለዳት ታናሽ ልጁ ፈረንሳይ ተዳረች፣ የሷም ልጅ ማሪ ሉዊዝ ትባላለች። በ1679፣ በ17 ዓመቷ፣ ስፔን ሄዳ ቡርጎስ አጠገብ ባለች መንደር ንጉሡን አገባች። ንጉሡ ካርሎስ 2ኛ ነው። የቻርልስ የልጅ ልጅና የማሪያ አና የልጅ ልጅ። አሥር ዓመት ገደማ አብረው ኖሩ። እሷ በ1689 ሞተች። ልጅ አልወለዱም።